በጣት የሚገባ ብሎን

ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ያለብሱታል። እኔንም አለበሱኝ። አሶሳ ባለው የእንጨት ወርክሾፓችን ግቢ ማንጎው ሥር ወንበር ተደርድሮ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ አዲሱ ኃላፊያችን ስለ እኔ እኔም የማላውቀውን ሁሉ ተናገረ። «ትዕግሥተኛዋ እትዬ የሺ» ሲል ገመቹን ትን አለው። ገመቹ ከባምባሲ የመጣ ገጣጣሚ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አብሮኝ ስለሠራ ትዕግሥቴን እሱ ያውቃታል። እኔ ግን ንግግሩን በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። ዓይኔ በተከፈተው በር አልፎ ከመብሻ ማሽኔ፣ ከትራፓኖዬ፣ ላይ ካለችው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ነበር። በማግስቱ አዲስ ማሽን ይገባል፣ አሮጌው ከነጠረጴዛው ይወገዳል ብለው ነበርና።

ተናገሪ ሲሉኝ ተነሣሁ። «ለጋቢው እግዜር ይስጥልኝ። ማሽኑን እንዳሻችሁ አድርጉት። ጠረጴዛዋን የነካ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው» አልኩና ተቀመጥኩ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እንጨት ናት፤ አውቃለሁ። አንድ ሰው ብድግ አድርጎ የሚሸከማት፣ ጠርዟ በእጅ ብዛት የጠቆረ እንጨት። ግን ጠረጴዛዋ የተሠራችው ሐሊማ የምትባል ሴት ዳግመኛ ቆማ እንድትሄድ ነው። ያን ካልነገርኳችሁ ያበድኩ ይመስላችኋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

የተወለድኩት ወሎ ነው። በዚያ በክፉው ድርቅ ቤተሰቤ ወደ አሶሳ ለሰፈራ ሲመጣ ነፍስ ያወቅሁ ልጅ ነበርኩ። እስካሁን አፌን ስከፍት ሰው «ወሎዬ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። ነኝ፤ ምን ይሁን? ካደግሁ በኋላ ባምባሲ የነበረ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሴቶችም ይመዝገቡ አለ። እናቴ «መጋዝ የያዘች ሴት ማን ያገባታል?» ብላ አለቀሰች። ተመዘገብኩ። አገባሁም፤ ያውም መጋዜን እንደያዝኩ።

እዚያ ያስተማረኝ ኡስታ ኢድሪስ ነው። በብሔሩ በርታ ነው፤ በወጣትነቱ ሱዳን ተሻግሮ ደማዚን አናጢ ሆኖ ስለኖረ፣ ባለሙያን እዚያ እንደሚጠሩት ሁሉም ሰው «ኡስታ» ይለዋል። አማርኛን ያወቀው በሥራ ላይ ነው፤ ለእሱ ሴትም ወንድም አንድ ነው። «ቢንት» ማለት በእነሱ አነጋገር ልጅት ማለት ሆኖ ሳለ እኔን ሲጠራኝ «አንተ ቢንት፣ ና!» ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር። ኋላ ለመድኩት። ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ባገኝ በእግሬ ባምባሲ ድረስ እሄድ ነበር።

ኡስታ ኢድሪስ ብዙ አያወራም። ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ሠርቼ ሳሳየው ብሎኑን ያስገባና በትንሿ ጣቱ ይገፋዋል። ገፍቶት በወዲያ በኩል ብቅ ካለ «ኻላስ» ይላል፤ አለቀ፣ በቃ ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ለመስማት የማልሆነው አልነበረም። ብሎኑ አልገባ ካለና መዶሻ ላነሣ ከሄድኩ እጄን ይይዘኛል።

«መዶሻ የሚስማር ነው። ይሄ ሚስማር ነው?»

«ትንሽ እኮ ነው የቀረው፣ ኡስታ!»

«ትንሽ ቀረ፣ ሌላ ቅደድ።»

ሌላው ጠባዩ መገልበጥ ነው። ወንበርም ይሁን አልጋ፣ ከላይ ከማየቱ በፊት ገልብጦ ሆዱን በመዳፉ ይዳብሳል። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲሄድ እንኳ «ተቀመጥ» ሲሉት መጀመሪያ የሚቀመጥበትን ዱካ ይገለብጠዋል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን አግዳሚ ሊገለብጥ ሲል ሚስቱ በዓይኗ ገላምጣ አስቀመጠችው፤ ምሳውን በልቶ እስኪነሣ ፊቱ አልተፈታም። እኛ ተማሪዎቹ እንስቅ ነበር። መገጣጠሚያውን፣ ኮላው መያዙን የሚያይ ነበር የሚመስለኝ። ጠይቄው ግን አላውቅም።

ከባምባሲ ወደ ድባጤ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ ድባጤ መከራውን ገና አላየችም። የትምህርት ቤት ዴስክ እንሠራ ነበር። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ችግሩ ቁጥር ይወዳል። የዴስኩ እግር ተወላገደ ስለው «ዘንድሮ ልጆቹ መሬት አይቀመጡ እንጂ!» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ልጆቹ መሬት ላይ ነበሩ። ደመወዝ ይዘገያል፣ ጣውላ ሳይደርቅ ይመጣል፣ እኛም ሳይደርቅ እንሠራዋለን። እርጥብ ጣውላ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት እዚያ ነው፤ በክረምት የሠራነው ዴስክ በጋ ሲገባ እየጮኸ ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲህ እርጥብ እንጨት የሚያመጣብኝ ሰው በጤና አይመለስም።

ከድባጤ አሶሳ መጣሁ፤ የቀረው ዕድሜዬም እዚያው አለቀ።

ወርክሾፓችን አንድ ባለ ቋሚ ትራፓኖ ነበረው፤ ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚቦረቡር። ለብረት ሥራ የተሠራ ነው። ዕቃ የሚያርፍበት ብረቱ ከሰሐን ብዙም አይበልጥም፤ ረጅም እንጨት ስታስቀምጥበት ወዲያና ወዲህ ይንጠለጠላል፣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይታገላል። ኃላፊያችን አቶ ፍቃዱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሲጨነቅ ጉሮሮውን የሚጠርግ ደግ ሰው ነበር። አንድ ቀን ጉሮሮውን እየጠረገ መጣና «ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ የክራንች ሥራ መጥቷል፤ እንችላለን?» አለኝ።

«እንችላለን» አልኩት። እንዴት እንደምንችል ገና አላሰብኩም።

ክራንች ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ብብት ሥር የሚገባ ራስ አለው፣ ከራሱ የሚወርዱ ሁለት ጎኖች አሉት፣ በሁለቱ ጎኖች መሐል የሚገባ አንድ እግር አለው። እግሩ ላይ ቀዳዳዎች በተርታ ይወርዳሉ። እግሩን ከፍ ዝቅ አድርገህ በሰውየው ቁመት ልክ ብሎን ታስገባበትና በዳዶ ታጠብቀዋለህ። ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው በዚያ ብሎን ላይ ነው። ቀዳዳው ከዘመመ ብሎኑ በግድ ይገባል፤ በግድ የገባ ብሎን ደግሞ እንጨቱን ከውስጥ እየፈለጠው ይኖራል።

ሰው ለመለካት ጾሬ ስሄድ መጀመሪያ ያገኘኋት ሐሊማን ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የመጣች፣ አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች የሌለ፣ መጠለያው ገበያ ውስጥ ለውዝ የምትሸጥ ሴት ናት። ቋንቋዋ እንደ ኡስታ ኢድሪስ ነው፤ አማርኛዋም እንደሱ። ምላሷ ግን ምላጭ! ከብብቷ እስከ መሬት ደጋግሜ ስለካት ሰለቻትና «ስንት ጊዜ ትለካለህ? ልትቀብረኝ ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች። ወደድኳት።

ስመለስ የትራፓኖውን ጠረጴዛ ራሴ ሠራሁ። ገበያ ውስጥ ያልተቀጠለ፣ እንደ በር የሰፋ አንድ ሳንቃ ዋንዛ አገኘሁ፤ ደርቆ ያለቀለት። ብረቱ ላይ በብሎን አሰርኩት። ኋላው ላይ እንጨቱን የሚያስጠጉበት ቀጥ ያለ መደገፊያ ተከልኩ። ቀዳዳዎቹ እኩል እንዲራራቁ ደግሞ ኡስታ ኢድሪስ ባምባሲ ያሳየኝን ዘዴ አደረግሁ። እንጨቱን ከሚበሳው ብረት፣ ከፑንታው፣ ጎን ጠረጴዛው ላይ አጭር ጣት የምታህል ብረት ትቆማለች፤ የቦረቦርከውን ቀዳዳ እሷ ላይ ትሰካና የሚቀጥለውን ትቦረቡራለህ። ሜትር የለ፣ እርሳስ የለ። ላዩን በቫርኒሽ አብረቀረቅነው። ዋንዛ ቫርኒሽ ሲነካው ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ሰው እየመጣ በመዳፉ ይዳብሰው ጀመር። አቶ ፍቃዱ እንኳ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አለፈ።

በጋውን ሙሉ ሠራን። ብሎኑን በትንሿ ጣቴ እገፋዋለሁ፣ ይገባል። ሐሊማ የመጀመሪያውን ጥንድ ወሰደች፤ ከገበያው ወደ ቦኖው፣ ከቦኖው ወደ ቤቷ ስትሽከረከር ላያት ሰው ሁለት እግር ያላት ነበር የምትመስለው።

ክረምት ገባ። የአሶሳ ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ ጨው ይቀልጣል፣ ጫማ ይሻግታል። ሐምሌ ላይ ገመቹ ብሎኖቹን በመዶሻ መምታት ጀመረ።

«ምነው?» አልኩት።

«ክረምት አይደል፣ እትዬ? እንጨቱ አብጦ ነው።»

በክረምት እንጨት እንደሚያብጥ እዚህ አገር ማን የማያውቅ አለ? በሩ አይዘጋም፣ መሳቢያው አይከፈትም፣ ሰው ሁሉ «ዝናቡ ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔም ተውኩት። ያን ሰሞን ሐሊማ ስለወፈረች ጠንከር ያለ አዲስ ጥንድ ሠርተን ወሰድኩላት፤ የፊተኛውን መለሰችልኝ።

ነሐሴ ላይ አቶ ፍቃዱ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ክራንች ለሁለት ተፈልጦ ተጋድሟል።

«የማን ነው?» አልኩ። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

ሐሊማን የከዳት በቤቷና በቦኖው መሐል ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ውኃ ይዛ ነበር። ጾሬ ስደርስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ በጀሶ ተጠቅልሎ አገኘኋት። ትሳደባለች ብዬ ነበር የሄድኩት። አልተሳደበችም።

«እግር አንድ ነበረኝ፣ እጅ ሁለት ነበረኝ» አለችኝ በዝግታ። «አሁን እጅም አንድ ቀረኝ። እንጨትህን ውሰድ።»

የቀረውን ክራንች በግራ እጇ ገፋችልኝ። አንጀቴን በላችው። ይዤ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከክረምት ወዲህ የሠራነውን ክራንች ሁሉ ሰብስበን መለስን። አቶ ፍቃዱ ፊቱ ጠቁሮ «የእንጨቱ ይቅር፣ የሺ። የብረቱን ከአዲስ አበባ እናስመጣ» አለኝ።

«አስመጣ። እስኪመጣስ?»

የተፈለጠውን ክራንች አንሥቶ አየው።

«እስኪመጣ እሷ ምንጣፍ ላይ ናት። ለሌላው የፈለግኸውን አድርግ፤ ለሐሊማ የምሠራላት እኔ ነኝ። የሰበራት የእኛ ቀዳዳ ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ አለሽ» አለኝ።

የተፈለጠውን ክራንች ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። እያገላበጥኩ ዋልኩ። ምሳ አልበላሁም። ብሎኑ የገባበት ፊት ላይ ቀዳዳው መሐል ለመሐል ነው። የወጣበት ፊት ላይ ግን ወደ አንድ ጠርዝ ሸሽቷል። አየሁት፤ እንደገና አየሁት። ያበጠ እንጨት ቀዳዳ ያጠብባል፤ ቀዳዳ ግን ከቦታው አያነሣም! ይህ እብጠት አይደለም። ሲቦረቦርም ዘሞ ነው የተቦረቦረው።

ማዕዘን መለኪያዬን፣ ስኳድራዬን፣ ይዤ ወደ ትራፓኖው ሮጥኩ። ያቺ የሚያብረቀርቅ ዋንዛዬ ላይ ሳቆመው በሥሩ ብርሃን አለፈ። ሳንቃው ጎብጧል። በዓይን አይታይም፤ በብሎን ካሰርኩት በኩል ተቀምጦ በፊት ለፊቱ ብድግ ብሏል። በሩን፣ መሳቢያውን፣ ብሎኑን ሁሉ በዝናብ ስናሳብብ፣ ዝናቡ ጠረጴዛዬን እንደሚያጎብጥ አንዳችንም አላሰብንም። ገመቹ አጠገቤ ቆሞ «ወይኔ፣ እትዬ… እኔ እኮ በመዶሻ…» አለ። «ዝም በል፣ እኔም አይቼህ ነው» አልኩት። ሁለታችንም ቅስማችን ተሰብሮ ቆምን።

ሳንቃውን ፈትቼ ባጃጅ ላይ ጫንኩና ኡስታ ኢድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ሸምግሎ፣ ዓይኑ ሞራ ለብሶ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ልጁ ቤት ነበር የሚኖረው። ገና ከመግባቴ በኮቴዬ አወቀኝ።

«አንተ ቢንት! እርምጃህ ከብዷል፤ ወፍረሃል።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ሐሊማን፣ እጇን፣ ብሎኑን። አንድ ቃል ሳይመልስ ሳንቃውን ፈለገ። ላዩን አልነካውም። «አግዘኝ» አለና ገለበጥነው። መዳፉን ሆዱ ላይ አሳረፈ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው።

«ራቁት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ሆዱ። ላዩ ልብስ አለው፣ ሆዱ የለም። ውኃ በየት ይገባል?»

ዐይኔ እያየ ጉድ ሆንኩ። እኛ አገር ቫርኒሽ የሚቀባው የሚታየው ፊት ነው። ቫርኒሽ ውድ ነው፤ የጠረጴዛ ሆድ ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? የቁም ሳጥን ጀርባ፣ የአልጋ ታች፣ ሁሉም ራቁቱን ነው። የእኔም ዋንዛ በላዩ ተዘግቶ በሆዱ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሟል። ሆዱ ሲያብጥ ላዩ እንዳለ ቀረ፤ ምን ያድርግ፣ ጎበጠ። ያ ሁሉ ሲገለብጥ የኖረው መገጣጠሚያ ሊያይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩበት። በሽማግሌ ላይ መጮኼ አሳፈረኝ፤ ግን ጮኽኩ።

«ትጠይቃለህ ብዬ» አለኝ፤ ሳይቆጣ።

ልሄድ ስነሣ እጄን ይዞ ወደ ግቢው አጥር ወሰደኝ። ከሽመል ቀርከሃ የተጠለፈ ነው፤ አንዱ ስንጥቅ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተላልፎ። «ይሄ ስንት ክረምት አየ። ጎበጠ?» አለኝ። አልጎበጠም። አንዱ ልሂድ ሲል የተሻገረበት ይይዘዋል። አንድ ወጥ ሳንቃ ግን ብቻውን ነው፤ የሚይዘው የለም።

መንገዱን ሙሉ ያን አጥር ሳስብ መጣሁ። ስደርስ «ኮምፔንሳቶ!» አልኩት ለገመቹ። ኮምፔንሳቶ ስስ እንጨት ሆኖ አንዱ ንብርብር በአንዱ ላይ እየተሻገረ የተጣበቀ ነው፤ እንደ አጥሩ። አሶሳ ገበያ ያለው ስሱ ብቻ ነበር። ግድ የለም አልኩ፤ ስሱን ደራርቤ በኮላ አንድ አደርገዋለሁ። ኮላው እስኪይዝ ግን የሚጨመቅበት ማተሚያ የለንም። ገመቹ ድንጋይ እንጫን አለ። እኔ አቶ ፍቃዱ ቢሮ ገባሁ።

«መኪናህን ፈልጌ ነበር።»

«የት ልትሄጂ?»

«የትም። ጠረጴዛዬ ላይ እንድታቆምልኝ ነው።»

በስመ አብ ብሎ አየኝ። ግን ወጣ። የተጣበቀውን ኮምፔንሳቶ በወፋፍራም ግንዲላዎች መሐል አድርገን፣ ያ የተከበረ ሰው ፒካፑን ቀስ፣ ቀስ እያለ አወጣበት። ኮላው በየጠርዙ ሲንጠፈጠፍ ግቢው በሳቅ ሞላ። ከነሐሴ ወዲህ ስንስቅ ያ መጀመሪያችን ነበር። መኪናው እዚያው ላይ አደረ፤ አቶ ፍቃዱም በእግሩ ቤቱ ገባ።

የቀረውን ሳልቸኩል ሠራሁት። ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ረዘም አደረግሁት፤ እንጨቱ መንቀሳቀስ ካሻው ከብሎኑ ራስ በታች ባለው ቀለበት፣ በሮንዴላው፣ ሥር ይንሸራተት እንጂ አይጎብጥ ብዬ። ፑንታው በሚወርድበት ቦታ አራት ማዕዘን ቆርጬ በሌላ ቁራጭ እንጨት ደፈንኩት፤ ሲበሳሳ እሱ ብቻ ይለወጣል። የመደገፊያውን ታችኛ ጠርዝ ላግኩት፤ ሰጋቱራው እዚያ ይግባ እንጂ በእንጨቱና በመደገፊያው መሐል ገብቶ እንዳያዛባኝ። ከዚያ ቫርኒሹን አመጣሁና ገልብጬ ከሆዱ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ታቹን ማን ያየዋል?» አለ ገመቹ፣ ያለችውን አንዲት ቆርቆሮ በስስት እያየ።

«ዝናቡ» አልኩት። ሆዱን፣ ላዩን፣ ጠርዙን፣ የብሎኑን ቀዳዳ ውስጡን ሳይቀር ቀባሁ። ሲደርቅ ደገምኩ። ቫርኒሹ አለቀ፤ ለአቶ ፍቃዱ አዲስ የሠራንለት የቢሮ ወንበር እስከ ዛሬ ግማሹ አልተቀባም።

ውጭ ዶፍ እየወረደ ስኳድራ አቆምኩበት። ብርሃን የለም። እግር ቦረቦርኩ፣ ብሎን አስገባሁ፣ በትንሿ ጣቴ ገፋሁት። ገባ። በዚያው ቀን ለኡስታ ኢድሪስ ወሰድኩለት፤ ክራንቹንም ጠረጴዛውንም። ገለበጠው፣ ዳበሰው፣ አሸተተው። ብሎኑን ገፋው። እኔ እንደ ልጅነቴ ቃሉን ጠበቅሁ።

«በጋውን ይይ» አለኝ።

«እንዴ! ገባ እኮ፣ ኡስታ!»

«ያኛውም በበጋ ሲሠራ ገብቶ ነበር። ይሄ በክረምት ተሠራ፤ በጋውን ይይ።»

ተናድጄ ወጣሁ። እውነቱን ስለሆነ የበለጠ ተናደድኩ።

አዲሱን ጥንድ ይዤ ጾሬ ስደርስ የሐሊማ እጅ ከጀሶ ወጥቶ ነበር። ገበያ ያላት ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል፤ እሷ በራፏ ላይ ተቀምጣ ለጎረቤት ለውዝ ትፈለፍላለች። ክራንቹን ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች።

«ሐሊማ፣ ይህኛው አይሰበርም።»

«ያኛውን ስትሰጥም እንዲህ አላልክም?»

ብዬ ነበር። ክራንቹን ግን አልመለስኩም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ያ የድሮው ነገር ብልጭ አለ።

«አንተ ሂድበት መጀመሪያ» አለች። «ያን ቁልቁለት። እግርህን አጥፈህ።»

ሰው ተሰበሰበ። እኔ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ አንድ እግሬን ወደ ኋላ አጥፌ፣ ክራንቹን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ያን ጭቃ ቁልቁለት ያዝኩት። ክብደቴንም ታውቁታላችሁ፤ ኡስታ ነግሯችኋል። የክራንቹ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ፣ ሁለመናዬ ብሎኑ ላይ ሲወድቅ፣ «አሁን ሲጥ ይላል» እያልኩ በጆሮዬ ነበር የምሄደው። አላለም። ቦኖው ጋ ደረስኩና ዞሬ ሽቅብ ወጣሁ። ሕፃናቱ ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሐሊማ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች። ላቤን እየጠረግሁ ክራንቹን ሰጠኋት። ብሎኑን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ተነሣች።

ቁልቁለቱን አልሞከረችም። እስከ ጎረቤቷ በር ሄዳ ተመለሰች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ገበያ ቦታዋ ላይ አየኋት፤ ቦታዋን የያዘውን ሰውዬ በአንድ እግሯ ቆማ ስታባርረው።

ኡስታ ኢድሪስ ኅዳር ላይ ዐረፈ። በጋውን አላየም። ጥር ላይ፣ ከሱዳን በኩል ያ ደረቅ ነፋስ መጥቶ ከንፈራችን ሁሉ ሲሰነጠቅ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ስኳድራ አቆምኩ። ብርሃን የለም። ክረምት ሲመጣም አቆምኩ፤ የለም። «ይኸው አየ፣ ኡስታ!» አልኩ ብቻዬን ጮክ ብዬ። ገመቹ ከወዲያ «ማንን ነው?» አለኝ። ስኳድራዬን ጠርጌ አስቀመጥኩ። «ኻላስ» የሚልልኝ ሰው እንደሌለ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራን። የብረቱ ክራንችም መጣ፤ ሲጎብጥ ግን የሚያቀናው ስለሌለ ሰው ወደ እኛው ተመለሰ። አቶ ፍቃዱ ተዛውሮ ሄደ። እኔም የጡረታ ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩና አንድ ቀን አለቀልኝ። ጠረጴዛዋን አልጣሏትም። ገመቹ አዲሱ ማሽን ላይ በልኩ አስተካክሎ አስሯታል፤ ሲደውልልኝ ሆዷን አዲስ ቫርኒሽ እንደቀባት ሳይነግረኝ አይዘጋም።

ዘንድሮ ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲያባራ በሬ ተንኳኳ። ሐሊማ ናት። እኔን ብላ ከጾሬ በመኪና መጥታ። ራሷ ሸብቷል፣ ጀርባዋ ትንሽ ጎንበስ ብሏል። ብብቷ ውስጥ ያው ያ ክራንች፤ ጎማው ስንት ጊዜ ተለውጦ፣ እጀታው በላብ ጠቁሮ።

«ረዘመብኝ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «እንጨቱ ያድጋል እንዴ?»

«አንቺ ነሽ ያጠርሽው። አርጅተናል እኮ።»

«አንተ አርጅተህ ይሆናል!»

እግሩን ከፍ አድርጎ ብሎኑን በሚቀጥለው ቀዳዳ ማስገባት ነው። ግን ያ እንጨት ስንት ክረምትና በጋ ተፈራርቆበታል፤ ቀዳዳው ደግሞ ከተቦረቦረ ጀምሮ ብሎን ገብቶበት አያውቅም። እጄም እንደ ድሮው አይደለም። «ቆይ» አልኳትና መዶሻዬን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ። አዎ፣ መዶሻ። ኡስታ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር!

ይዤ ስመለስ ሐሊማ አልጠበቀችኝም። ክራንቹን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ዳዶውን በጣቷ ፈትታ፣ ብሎኑን መዝዛ፣ እግሩን ወደ ላይ ስባ ጨርሳለች። ብሎኑን በአዲሱ ቀዳዳ አፍ ላይ አቆመችው። ከዚያ በትንሿ ጣቷ፣ ሳታስበው፣ ወሬዋን እንኳ ሳታቋርጥ፣ ገፋችው።

በወዲያ በኩል ብቅ አለ።

«ኻላስ» አለች፤ ዳዶውን ለማጥበቅ እጇን እየዘረጋች።

መዶሻዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።